ነጭ ኮከብ ያለው ባንዲራ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እኔ ራሴ እጠራጠራለሁ። የአንድ ቀበሌ ሴቶች ባንዲራ ሰፉ፣ ተሳሳቱ፣ አረሙት፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን ኃያላን መንግሥታት በአካባቢያችን ሰላምና ትብብር ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ሲያስተምሩን፣ በደብተሬ ጠርዝ ላይ የምጽፈው ስለ እናቴ ሆነ። ስለዚህ ልሞክር።

እናቴ ኦሎምፒያ አጠገብ በሚገኘው የቀበሌያችን የስፌት ማኅበር ትሠራለች። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእኛ ቀበሌ በኩል የሚሰቀሉትን ባንዲራዎች የሚሰፉት የማኅበሩ ሴቶች ነበሩ። ለዓመታት እንግዶቹ በአብዛኛው ከሶሻሊስት አገሮች ስለሚመጡ ሴቶቹ ቀይ ጨርቅና ቢጫ ኮከብ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰፉ ነበር። ቢጫው ኮከብ በካርቶን ልክ አስቀድሞ ተቆርጦ በከረጢት ይቀመጣል።

በ1979 ዓ.ም. የሶማሊያ ልዑካን ለንግግር ይመጣሉ ተባለ። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። በእኛ ቤት ይህ ተራ ወሬ አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በጦርነቱ ተማርኮ እዚያ አገር ከታሰረ አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። የጦር ሠራዊት ሾፌር ነው። መንዳት የተማረው በአሜሪካን መኪና ሲሆን፣ ወደ ግንባር ሲሄድ የተሰጠው የሶቭየት መኪና ነበር። በዚያው ሰሞን የሶቭየት ወዳጅ የነበረችው ሶማሊያ ፊቷን ወደ አሜሪካ አዞረች። መምህራችን ይህን በሰሌዳው ላይ በሁለት ቀስት ያሳዩናል፤ እኔ በቀስቶቹ መሀል አጎቴ ይታየኛል። በእነዚያ ዓመታት ከእሱ የደረሱን ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች ብቻ ነበሩ።

እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሴቶቹን በማጣጠፍ ልረዳቸው ማኅበሩ ገባሁ። ሰማያዊዎቹ ባንዲራዎች ተቆልለዋል። መሀላቸው ላይ ቢጫ ኮከብ ተለጥፏል።

«እማዬ፣ ኮከቡ እኮ ነጭ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ማነው ያለው?» አለች የማኅበሩ ሊቀመንበር። የእናቴ አብሮ አደግ ናት፤ እዚያ ግን ሁሉም «ጓድ» ነው የሚላት።

«የትምህርት ቤት አትላስ ላይ አይቼ ነው፣ ጓድ።»

«እጃችን ለምዶ ነው» አለች አንዷ ሰፊ። «ዛሬ ነጠላ ስፊ ብትሉኝም ቢጫ ኮከብ ሳልለጥፍበት አልቀርም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሊቀመንበሯ አልሳቀችም።

«ቅዳሜ እኮ ነው የሚገቡት። ኮከብ ኮከብ ነው፤ በመኪና እያለፈ ቀለም የሚመረምር የለም።»

«ያንቺን ባንዲራ ቀለሙን ለውጠው ቢሰቅሉልሽ አታይም?» አለቻት እናቴ።

«አያለሁ።»

«እነሱም ያያሉ። የናቅናቸው ይመስላቸዋል። ወንድሜ ያለው እነሱ እጅ ነው።»

እናቴ የምርኮኛ ቤተሰብ መባልን ስለምትፈራ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን በቀበሌ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ሊቀመንበሯ መቀስ አነሳች።

«በሉ ቢጫውን ፍቱ። ነጩን ግን ከየት ታመጪዋለሽ? አቡጀዲ ከሱቅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው።»

እናቴ ቤት ሄዳ በድርቁ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ የመጣባቸውን የጨርቅ ከረጢቶች ይዛ ተመለሰች። የትራስ ልብስ ልታደርጋቸው ያስቀመጠቻቸው ነበሩ። በበረኪና ዘፈዘፍናቸው፤ «አሜሪካ» የሚለው ጽሑፍ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

«አባረርንሽ ስንል በስንዴ ከረጢት ገባሽ?» አለች ያቺ ሰፊ ጨርቁን እያሸች።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ እናቴ ካርቶኑን ከፊደሎቹ እያሸሸች ነጭ ኮከብ ስትቆርጥ ዋለች። እኔ ቢጫውን በምላጭ ፈታሁ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ተጨረሰ።

ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆመን አየናቸው። መኪኖቹ መስኮታቸውን ዘግተው በፍጥነት አለፉ። ቀና ብሎ ያየ ይኑር አይኑር አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ ቆማ ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ያ ንግግር ያለ ስምምነት ተበተነ። ወሬውን በሬዲዮ ስንሰማ እናቴ ድምፁን ቀነሰችና «እኛ ግን የሚገባንን አድርገናል» አለች። መምህራችን እንደሚሉት ኃያላኑ ወጪው እየከበዳቸው ሲሄድ፣ ድርቅ ያደከማቸው ጎረቤታሞች መነጋገር ቀለላቸው። ፈተና ላይም እንዲሁ እጽፋለሁ፤ ትክክልም ይመስለኛል። ግን ጎረቤትን አክብሮ መቀበልን እናቴን ማንም ኃያል መንግሥት አላስተማራትም።

ስምምነቱ በዓመቱ መጋቢት ላይ ተፈረመ። ምርኮኞችም መመለስ ጀመሩ። አጎቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ በጣም ከስቶ ነበር። እኔን አየና «ይቺ ናት እንዴ ያቺ ማሙሽ ስላት የምታለቅሰው?» አለ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። በማግስቱ ቀበሌ ይዛው ሄደች፤ ስሙንም በቤተሰባችን ቅጽ ላይ አስገባችው። ነሐሴ 1980 ዓ.ም. ነበር።