ቢጫ ሸሚዝ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር፣ ሽታው ጎትቶ ፖሊስ ጣቢያ ይወስደኛል። ልጅ ሳለሁ፣ የአክስቴ የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሰይድ በእንዲህ ያለ መኪና ሽንኩርት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ጣርማ በር ላይ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ አየነው ያሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም።

አክስቴ እኔን አስከትለው ጣቢያ ይመላለሱ ነበር። መርማሪው በተቀየረ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው።

"እትዬ፣ ሲሄድ ምን ለብሶ ነበር?"

"ቢጫ ሸሚዝ።"

አንድ ቀን ግን ቱግ አሉ።

"ያ ረቢ! ሁልጊዜ ቢጫ ሸሚዝ! የቆላ ልጅ ጣርማ በር ሲደርስ ምን ያደርጋል? ብርዱን ፈርቶ ጃኬት ይደርባላ! እናንተ የምትፈልጉት ሸሚዙን ነው ወይስ ልጄን?"

"እየተጣራ ነው፣ እትዬ" አላቸው።

እሳቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ። በቀደም ደግሞ አዲስ መርማሪ መጥቶ አስጠራኝ። የተገኘ ነገር አለ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ሲሄድ ምን ለብሶ ነበር?" አለኝ።

"ቢጫ ሸሚዝ። ጣርማ በር ብርድ ስለሆነ ግን ጃኬት ደርቦበት ይሆናል" አልኩት።

አቀርቅሮ ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አየሁ፦ ቢጫ ሸሚዝ።