በባሕሩ በር ላይ የተተከለች ቀይ ነጥብ

የናሌካ መንደር ሰው አኬኔታን ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚያወራው ስለ ትንፋሿ ነው። በስድሳ ሦስት ዓመቷ ዛሬም ከጀልባ ላይ ተወርውራ ትጠልቅና፣ ላይ የቀረው ሰው “አለቀላት” ብሎ ጸሎት ሊጀምር ሲል ነው ብቅ የምትለው። ቀጥሎ ስለ ምላሷ ያወራል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ስለ ምላሷ ማውራት ቀርቷል። ለምን እንደቀረ በተነሣ ቁጥር ደም ያፈላል፤ ቢሆንም መነገር አለበት።

ካዋካዋ የሚባለው ዝንጉርጉር ዓሣ ዓመቱን ሙሉ ብቸኛ ነው። እያንዳንዱ በየድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ጎረቤቱን ሳያይ ይኖራል። የሐምሌ ጨረቃ ሞልታ ሦስት ቀን ሲሆናት ግን ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ በናሌካ የኮራል ዐለት መሐል ባለችው አንዲት የባሕር በር ይሰበሰባል፤ እንቁላሉን ጥሎ ይበተናል። መንደሩ “ሰርጉ” ይለዋል። በሰርጉ ሰሞን እዚያ መረብ መጣል እርም ነው። ቦታውን ለባዕድ ማሳየትም እርም ነው። ጠባቂዎቹ የአኬኔታ እናት ወገን ሴቶች ናቸው፤ ጥበቃው ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ እሷ ላይ ደርሷል።

እናቷ በዓይኗ አይታ “ዘንድሮ ደህና ነው” ወይም “ዘንድሮ ሳስቷል” ትልና ያበቃል። መቁጠርን ያመጣችው አኬኔታ ናት። እየጠለቀች ትቆጥራለች፤ መቶ በሞላ ቁጥር አንዲት ጠጠር ጀልባው ውስጥ ባለው የኮኮናት ቅርፊት ትጥላለች። ሲያልቅ ጠጠሮቹን ደምራ በተማሪ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሦስት ጠጠር ነበር። ማንም አላዘዛትም። “ምን ያደክምሻል?” ሲሏት “ዓይን ይዋሻል፤ ጠጠር አይዋሽም” ትላለች። የሃያ ሰባት ዓመት ደብተር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣ ነበር።

ጀልባውን የሚይዝላት የአጎቷ ልጅ ኢላይቲያ ነው። የወንድምና የእኅት ልጆች መሰዳደብ መብታቸው ነው፤ እንዲያውም ካልተሰዳደቡ ተቀያይመዋል ማለት ነው።

“አንቺ አሮጊት ዔሊ፣ ዘንድሮ አንዱን ካዋካዋ አግብተሽ እዚያው ትቀሪያለሽ!” ይላታል ስትወጣ።

“ካንተ ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም!”

ከሦስት ዓመት በፊት ዶክተር ኒል ሃርግሬቭ የሚባል የባሕር ተመራማሪ ከአውስትራሊያ መጣ። ሥርዓት አላጎደለም። የያንጎና ሥር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ፣ እግሩን አጣጥፎ በመንደሩ አለቃ በቱራንጋው ፊት ተቀመጠ፤ የእንግድነት ስጦታውን አቀረበ። ሥሩ ተወቀጠ፣ ተጨመቀ፣ ከአንድ ሳህን ተጠጣ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ሃርግሬቭ ባዕድ አልነበረም። የናሌካን ያንጎና የጠጣ ሰው የናሌካን ምሥጢር ይጠብቃል፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለው ወገኑ ሁሉ ይታሰራል። ይህን ለመናገር ማንም አፉን አልከፈተም፤ ማን ልጁን ውሃ ያረጥባል ብሎ ያስተምራል?

ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ሃርግሬቭ ሦስት ገጽ ወረቀት አወጣ። “ይህን ፈርሙልኝ” አለ። ቱራንጋው ሳቀ። “ልጄ፣ ጠጥተን ሳለ ወረቀት ምን ይጨምርልሃል?” አለውና ፈረመ። አኬኔታም ፈረመች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄኔ ነው።

ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ ሌባ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። የሃያ ሰባት ዓመት ደብተር በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጽ በገጽ በስልኩ አነሣ። በማግሥቱ አኬኔታና ኢላይቲያ በጀልባ ወስደው ሰርጉን አሳዩት። ቦታው የት እንደሆነ አልጠየቀም፤ መጠየቅም አላስፈለገውም። እጁ ላይ ያሰራት ሰዓት ራሷ መዝግባዋለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው መጀመሪያ ላይ ተአምር ይመስል ነበር። በአምስት አገር ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ አሥራ አራት ተመራማሪዎች በኢንተርኔት አንዲት ገጽ ላይ አብረው ጻፉ። አንዱ ማምሻውን የጻፈውን ሌላው ማለዳ ተነሥቶ ያርመዋል። የአኬኔታን ጠጠሮች ኮምፒዩተር ውስጥ ከተው፣ ከሌላ ባሕር ቁጥር ጋር አስተያይተው፣ ውሃው በሞቀበት ዓመት ሰርጉ በአራት ቀን እንደሚዘገይ አወቁ። አኬኔታ ራሷ ይህን አታውቅም ነበር። የመንደሩ አስተማሪ ቫቲሴቫ ጽሑፉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታነብ ሰው አጨበጨበ።

“ስሜ የቱ ጋ ነው?” አለች አኬኔታ።

ቫቲሴቫ እስከ መጨረሻው ወረደች። “እዚህ... ‘የአካባቢው ማኅበረሰብ ተመስግኗል’ ይላል።”

“ማኅበረሰብ የሚባል ሰው ጠልቆ ያውቃል?” አለችና ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

በተከታዩ ሐምሌ፣ በሰርጉ ሁለተኛ ቀን ጠዋት፣ ማንም የማያውቃቸው አራት የሞተር ጀልባዎች በረዶ የሞላባቸው ሣጥኖች ጭነው ቀጥ ብለው ወደ ባሕሩ በር መጡ። አልፈለጉም፣ አልዞሩም፤ እንደ ቤታቸው ነው የገቡት። ኢላይቲያ እየቀዘፈ ደርሶ ጮኸባቸው። ከጀልባዎቹ አንዱ ላይ የቆመ ሰው እንኳን ሊደነግጥ፣ ስልኩን አዙሮ አሳየው።

“ምን ትጮሃለህ አጎቴ? የተደበቀ ነገር የለውም። ማንም ያየዋል።”

ስልኩ ላይ ካርታ ነበር። በባሕሩ በር ላይ ቀይ ነጥብ ተተክላለች። ነጥቧን ሲነኳት የአኬኔታ ቁጥሮች ወረዱ፤ የሚበዙበት ቀን፣ ከጨረቃ በኋላ ስንተኛው እንደሆነ፣ ጥልቀቱ፣ ሁሉም። ሃያ ሰባት ዓመት የዋኘችበት ልፋት ለዘራፊ መንገድ መሪ ሆነ። ጀልባዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ጭነው ሄዱ፤ ሣጥን የጠበበውን ዓሣ ባሕሩ ላይ ጥለውት የወፍ መጫወቻ ሆነ።

የወገኗ ሴቶች አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከሁሉ የጎዳት ኢላይቲያ ነው። በሳምንቱ ወደ ባሕር ስትወርድ ከጀልባው ላይ ቆሞ “ተዘጋጅቷል፤ ይግቡ” አላት። ይግቡ! ስልሳ ዓመት አሮጊት ዔሊ፣ ጥርሰ ገጣጣ ሲላት የኖረ ሰው እንደ ቄስ ሚስት አከበራት። አኬኔታ በዚያ ቀን የወረደችው ለቅሶዋን ውሃ ውስጥ ለመደበቅ ነው።

ለምስል ጥሪ የሚበቃ ኔትወርክ የሚይዘው ትምህርት ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሃርግሬቭን በስክሪን ያገኘችው እዚያ ነው። ቋንቋቸውን ተምሯል፤ እንደ መንደሩ ልጆች አያቴ ለማለት “ቡ” ይላታል።

“ቡ፣ በጣም አዝኛለሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።”

“አላሰብክም። አሥራ አራት ሆናችሁ አንዳችሁም አላሰባችሁም?”

“ነጥቧን ትናንት አጥፍተናታል።”

“ከየት ነው ያጠፋችኋት?”

“ከእኛ ገጽ። ግን ሌሎች መረጃውን አስቀድመው ወስደውታል... ስምንት ሺህ ጊዜ ያህል።”

“ስምንት ሺህ!” ከወንበሯ ተነሣች። “ስምንት ሺህ ሰው ያንጎናችንን መቼ ጠጣ?”

ሃርግሬቭ ዓይኑን ሰበረ። “ሕጉ ነው ቡ። መረጃው ለሁሉም ክፍት ካልሆነ ጽሑፉ አይታተምም። ወረቀቱ ላይም ተጽፎ ነበር፤ ፈርመዋል።”

“ወረቀቱን ያወጣኸው ከጠጣን በኋላ ነው! አስቀድመህ አውጥተኸው ቢሆን የባዕድ ወረቀት ነው ብለን አገላብጠን እናነበው ነበር። ካጠጣኸን በኋላ ግን የልጃችን ወረቀት ሆነ። የልጅን ወረቀት ማን ያነባል?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ይቅርታ እዚህ አገር ይወራል እንዴ? ተይዞ ነው የሚመጣው። የይቅርታ መለመኛውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጅህ ይዘህ ና፣ ቱራንጋው ፊት ተንበርከክ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።”

“እመጣለሁ። ትምህርት ሲዘጋ...”

ኔትወርኩ ተቋረጠና አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አኬኔታ ትንሽ አየችውና ወጣች።

ትምህርት ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ሃርግሬቭ አልመጣም። በእሱ ፈንታ ስልኳ ላይ የሚጫን ቅጽ መጣ፤ “የማኅበረሰብ አጋሮቻችን ቆጠራውን ከእንግዲህ ራሳቸው በቀጥታ እንዲልኩ” ይላል። ከቅጹ ጋር አጭር መልእክት ነበር፦ የዘንድሮው ቁጥር ባዶ እንዳይቀር አደራ። አደራ! ቃሉን ከየት አግኝቶት ነው?

ዘንድሮ ሐምሌ ጨረቃዋ ሞልታ በሦስተኛው ቀን አኬኔታ ጠለቀች። ወጣች፣ ጠለቀች፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትቆም እንዲሁ ሆነች። ኢላይቲያ ጀልባውን ይዞ የኮኮናቱን ቅርፊት ያያል።

“ጠጠር አልጣሉም” አላት በመጨረሻ።

“የምጥለው የለኝም። አሥራ አራት ናቸው።”

“አሥራ አራት መቶ?”

“አሥራ አራት ዓሣ።”

ወደ ዳር ሳይመለሱ ስልኩን ከፕላስቲኩ አወጣች። በእርጥብ ጣቷ አሥራ አራት ብላ ጻፈች። ቅጹ በቀይ መለሰ፦ “ቁጥሩ ከሚጠበቀው በታች ነው። እባክዎ ያረጋግጡ።”

“ላረጋግጥልህ፣ የሞትክ!” ብላ ደግማ ጻፈችው።

ቀጥሎ የመቀነሱን ምክንያት ምረጡ አላት። የውሃ ሙቀት። አውሎ ነፋስ። ብክለት። ከመጠን ያለፈ ማጥመድ። ሌላ። ጣቷ ማጥመድ የሚለው ላይ ቆየ። እሱም ውሸት አይደለም፤ ግን መንገዱን ማን ነገራቸው? ‘ሌላ’ የሚለውን ነካች፤ ለመጻፊያ ባዶ ቦታ ተከፈተ።

“እናንተ” ብላ ጻፈች።

አየችው። ጥበቃውን ያስረከበቻት እናቷ ትዝ አለቻት። “እና እኔ፣ አኬኔታ” ብላ ጨመረችና ስልኩን ለኢላይቲያ ዘረጋችለት። ኢላይቲያ ቀስ ብሎ አነበበው፤ አንብቦ ሲጨርስም ስልኩን አልመለሰም።

“ጀልባውን ማን ነበር የያዘው?” አላት። “እኔን የት ረሳሽኝ፣ አንቺ አሮጊት ዔሊ?”

አኬኔታ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ቆይታ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ስሙን ጻፈችና ላከችው። ስክሪኑ ወዲያው መለሰ፦ “እናመሰግናለን። የላኩት መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው።”

“ይሁን” አለች። “ይቺንም ስምንት ሺህ ጊዜ ይውሰዷት።”