ካድሬው ያስቀረው ጨው

ዛሬ ደክሞኝ ከሥራ ስገባ ልጄ «አባዬ፣ የምግብ ጨው ኮቫለንት ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

በደርግ ጊዜ ልደታ ስንማር የኬሚስትሪ መምህራችን «በኮቫለንት ቦንድ አተሞች ኤሌክትሮን ይጋራሉ» ሲሉ፣ ክፍላችንን ሊጎበኝ የመጣው ካድሬ አጨበጨበ።

«ጨው ላይ ግን ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይወስዳል» ብለው ቀጠሉ።

ካድሬው ብድግ አለ። «ጓድ መምህር፣ ይሄ ብዝበዛ አይደለም?»

መምህራችን ፊታቸው ጠመኔ መሰለ። ሰሌዳውን በመዳፋቸው አጠፉት።

ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሮን የሚጋሩትን ብቻ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድ እያልን ስም ስናጠና ከረምን። ፈተና ላይ የመጣው ጨው! (ሁላችንም እኩል ወደቅን፤ ካድሬው ደስ ይበለው።)

ለልጄ «አይደለም፤ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይወስዳል» አልኳት።

«አባዬ፣ ለምን ታንሾካሹካለህ?»

እናንተስ፣ ዛሬም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትናገሩት ነገር አለ?