ከትራሴ ስር የተገኘው ወረቀት

አረብ አገር፣ ኮበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር በምሠራበት ቤት ማዳም ከትራሴ ስር አንድ ወረቀት አገኘች። ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች ተሥለውበታል፤ በመሀላቸው የአማርኛ ፊደል አለ። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሲህር!" ብላ ጮኸች። ድግምት ማለቷ ነው። እዚህ አገር በድግምት መጠርጠር ቀልድ አይደለም።

"ኧረ ማዳም፣ የእህቴ የሂሳብ ፈተና ነው!" አልኳት በተሰባበረ አረብኛዬ።

ታናሼ ስምንተኛ ክፍል ናት። ቤተሰቦቻችን ሊድሯት ሲነሱ "እኔ አስተምራታለሁ" ብዬ ነው የተሰደድኩት። መቶ ከመቶ ያመጣችበትን ወረቀት በሰው ልካልኝ፣ እንደ ልጅ አቅፌው ነበር የምተኛው።

"እሺ፣ ይሄ ክብ ምንድን ነው?"

እኔ እንደሆንኩ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። "አላውቀውም" ስላት ባሰባት፤ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አነሳች።

ይሄኔ ልጇ ኑራ ከትምህርት ቤት ገባች። ወረቀቱን ነጥቃ ሥዕሉን አየችው።

"ማማ፣ ይሄ እኮ እኔን ያቃተኝ ጥያቄ ነው! እዚህ ተሠርቷል!"

ማዳም ወረቀቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ያንኑ ስልክ ዘረጋችልኝ።

"ለእህትሽ ደውዪላት። የኑራ ፈተና ነገ ነው።"