ያለ ጊዜው ያበበው ኮሶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከመንዝ፣ ከሞላሌ ደወለልኝ። ቄስ ነው። ስለ በጎቹ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለዘገየው የበልግ ዝናብ ሲያወራኝ ቆየና በመጨረሻ እንደ ዋዛ፣ «የደብራችን ኮሶ ሕማማት ሊገባ ሲል አበበ እኮ» አለኝ። ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ ጋቢ ለብሼ ተቀምጬ እጄ በረደኝ። አርጅቼ ዛፍ የምፈራ! ግን ፈራሁ።

ኮሶ በደንቡ አበባውን ከዐቢይ ጾም በፊት ይጨርሳል። በእኛ አገር የሚባለው እንዲህ ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ባለ ጊዜ ያቀረቡለት መራራ ከዚህ ዛፍ የተጨመቀ ነው፣ ዛፉም አፍሮ አበባው ቀላ። በጊዜው ሲያብብ የሆድ ትል መድኃኒት ነው። በሕማማት ካበበ ግን ጽዋውን ይዞ ሰው ይፈልጋል። አበባው የወደቀበት ሰው ትንሣኤን አያይም፤ ቅርንጫፉን የሰበረ ደግሞ ዓመት አይደግምም። ይህ በመጽሐፍ የለም። እኛ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ እሱን ነበር አጥብቀን የያዝነው።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በሕማማት አብቦ ነበር፤ ያን ዓመት እኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ እታለም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሐሙስ ዕለት ጉልባን ስንበላ ስንዴውን ትታ ባቄላውን ብቻ እየለቀመች፣ «ይሄ ልጅ ሳይወለድ አማርጦ በላ» እያልኩ ስቄባታለሁ። ዓርብ ማለዳ ውርጩ ሳይነሣ ለስቅለት ስግደት ወደ ደብሩ አቀበቱን ወጣን።

«ዛሬስ ቁመሽ ጸልዪ፤ አትስገጂ» አልኳት።

«ለሁለት ነፍስ ነው የምሰግደው፤ ለምን ትከለክይኛለሽ?» አለችኝ።

ኮሶው በሴቶች በር በኩል አብቦ ቆሟል። ሁሉም ስላየው ከሥሩ የቆመ ሰው አልነበረም። ፀሐዩ ሲበረታ ግን እታለም ራሷን አዞራትና ወደ ጥላው ገባች። ነጠላዋን ብጎትት እምቢ አለችኝ፤ እኔም ተከተልኳት።

ቀትር ላይ «ኪርያላይሶን» ሲባል ጎንበስ እንዳለች አንድ የአበባ ዘለላ ተቆርጦ ጀርባዋ ላይ ዐረፈ። በነጭ ነጠላ ላይ ደም መሰለኝ። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ስግደታቸውን አቋረጡ። አንዷ፣ «ወይኔ፣ ከነልጇ!» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እህቴ ግን ሰማች። ወዲያው ወገቧን ያዘች። ምጥ ነበር።

ያስፈራን ሞቱ ብቻ አይደለም። በሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ለዚህ ነው ሆሳዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ የሚፈታው። በሆሳዕና ደግሞ እታለም እግሯ አብጦ ቤት ቀርታ ነበር።

ደግፌ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ ዘንድ አደረስኳት። አጭርና ቁጡ ሰው ነበሩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ!» አለቻቸው።

ዝም አሉ። በሕማማት «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አይባልም፣ መስቀልም አይሳለሙም። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን።

«ልሞት ነው አባ፤ ይፍቱኝ እንጂ!»

ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ጠላኋቸው፣ እውነቴን ነው።

ስግደቱ ሲያበቃ ማታ ላይ ካህናቱ እያናዘዙ የምእመኑን ጀርባ በወይራ ቅጠል መታ መታ ያደርጋሉ። ሰዓቱ ገና ነበር። መምሬ ተክሌ የተዘጋጀውን ወይራ አዩት፤ አላነሡትም። በሕዝቡ መካከል አልፈው ኮሶው ሥር ቆሙና እጃቸውን ሰቅለው ቅርንጫፉን ሰበሩ። ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰዉ «እግዚኦ!» አለ። ከነአበባው አምጥተው የእህቴን ጀርባ በቀስታ መቱት።

«ሰው ከፈለገ ይኸው የሰበርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሂጂና ውለጂ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

መምሬ ተክሌ ለሚቀጥለው ሕማማት አልደረሱም። ብርድ መታቸው ተባለ። የመንዝ ብርድ ስንቱን ጥሏል፤ እኔም ብርድ ነው እላለሁ። እታለም ግን «ጽዋዬን ጠጡልኝ» ትላለች፤ በየዓመቱ ስቅለት ከዚያው ዛፍ ሥር ትሰግዳለች።

የደወለልኝ ያ ልጇ ነው።

«ዓርብ ዕለት ወይራህን ያዝ፤ ኮሶውን እንዳትነካ» አልኩት።

ሳቀ። «አክስቴ፣ ተረት እኮ ነው!»

«ተረት ነው። እናትህ ዘንድሮ የት ነው የምትሰግደው?»

ሳቁን ተወ።

«አበባው እሷ ላይ ከወደቀማ ቅርንጫፉን እሰብረዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተረት ነው ያለኝ እኮ እሱው ነው።