ሁለተኛው መስመር

በስደት በወጣንባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል አምስት ሴቶች እንኖር ነበር፤ ባቡሩ ገና ከነሕመሙ ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን። አምስታችንም ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥረን ነበር። የአንዷ አሠሪዎች ጠቅልለው አገራቸው ሲገቡ ግን ሥራ ፈትታ ቁጭ አለች። ለሥራ በኦቦክ ጠረፍ በኩል በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግራት ሰው አግኝታለች፤ ልቧ ግን አልቆረጠም። አንድ ዓርብ፣ ሁላችንም ባረፍንበት ቀን፣ «እናንተው ምከሩኝ፤ ያላችሁኝን አደርጋለሁ» አለችን።

እኔ ደግሞ መች አርፌ! የማዳም ልጆች የዓርብ ሽርሽራቸውን የሚመርጡበትን ዘዴ አይቼ ነበርና፣ ካላስተማርኳችሁ ብዬ ተነሣሁ። እያንዳንዱ ሰው ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ይጽፋል። በአንደኝነት ከሁሉ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ይወጣል፤ እሱን ያስቀደሙት ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። ሦስት ነገር አቀረብኩ፦ የመን ትሻገር፣ ድሬዳዋ እናቷ ዘንድ ትመለስ፣ ወይም ሥራ እስክታገኝ እኛው ጋ ትቆይ።

«እትዬ፣ እኔም ልጻፍ?» አለችኝ።

«ከማንም በፊት አንቺ ነሽ እንጂ!» አልኳት።

ከደብተር ወረቀት ቀድጄ አደልኩ። የልቤ «ትቆይ» የሚለው ነበር። ግን የእንጀራ ገመዷን በጠሰችባት እንዳልባል ፈራሁ። አንደኛ ላይ «የመን» ብዬ ጻፍኩና የልቤን ሁለተኛ አደረግኩት። እንዲህ ያለ ይሉኝታ የያዘኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቆጠርኩ። በአንደኝነት ሦስቱ የመን፣ ሁለቱ ድሬዳዋ ይላሉ። «ትቆይ» አንድም ድምፅ ስላላገኘ ከሁሉ በፊት ወደቀ። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን አምስቱም ወረቀቶች የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ትቆይ።

አየሁት። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡን ራሴ ባፈርሰው ያፌዙብኛል ብዬ ኩራት ያዘኝ። ለሽርሽር የወጣ ደንብ! ድምፄን ጠርጌ «የመን» አልኩ።

እሷ አንገቷን ደፍታ «እሺ፣ እንዳላችሁ» አለች። በሳምንቱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደረሰችም፣ ቀረችም የሚል ወሬ አልሰማንም። የሰማ ይኖር እንደሆነ ብዬ ስንቱን የየመን ተመላሽ ጠየቅኩ።

የቀሩት ሦስቱ በየተራ «እኔስ እንድትቆይ ነበር የፈለግኩት፤ እናንተን ፈርቼ ነው» ብለውኛል። «እኔም እንደናንተው» አልኳቸው። የደበቅኳቸው አንድ ነገር አለ። ከአምስቱ ወረቀቶች አንዱ በትልልቅና ዘመም ባለ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ለእናቷ ደብዳቤ ስትጽፍ አጠገቧ እቀመጥ ስለነበር ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ። እሷም አንደኛ ላይ የመን ብላ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ልቆይ ብላ ለምናን ነበር።