የኦቦ ገመቹ ዋስ

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ደሜ ፈላ። መካኒኳ ከሞተር የተፈታ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ላይ ትንሽ መሣሪያ ለጠፍ አደረገች፤ መሣሪያው የብረቱን ውፍረት በድምፅ ለክቶ ቁጥር አወጣ። «እዚህ ጋ ስስ ነው፣ አይሞረድም» አለች። ባለመኪናው ቁጥሩን አየና «እሺ» አለ። በቃ፣ እሺ!

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ላይ መካኒኩ ኦቦ ገመቹ ይህንኑ በጆሯቸው ይለኩ ነበር። አባቴ የጭነት መኪናው ጉልበት እንዲጨምር ፈልጎ «የአየር መግቢያውን ሞርደህ አስፋው» አላቸው። ሽማግሌውን አንተ እያለ! ኦቦ ገመቹ ቴስታታውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉት። አንዱ ጋ ድምፁ ድፍን ነው፤ አንዱ ጋ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። እኔም ሰምቻለሁ።

«ከዚህ ሥር ውሃ ያልፋል። ከተሞረደ ይበሳል» አሉ።

«ለቃልህ ዋስ ጥራ!»

«ዋሴ ብረቱ ነው ጌታዬ። ጆሮ ይስጡት።»

አባቴ ሳቀና አስሞረደው። መኪናው ሲሬ ሳይደርስ ያ ስስ ቦታ ተበሳ፤ ውሃው ሞተር ውስጥ ገባ። አባቴ ተመልሶ ሽማግሌውን በሰው ፊት በጥፊ አጮላቸው። እሳቸው ጉንጫቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ሰምተሽ ነበር።»

የአባቴን እጅ ይዤ ወጣሁ።

መካኒኳ መሣሪያዋን ጠርጋ ኪሷ ከተተች። ዋስ ጥሪ ያላት የለም።